ማክሰኞ ማታን ለባርበርሾፕ ልስጥ ወይስ ልተው?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። አርባ ዓመቴ ነው። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ አካባቢ እኖራለሁ፤ ኤርፖርት ውስጥ የመንገደኛ ሻንጣና ዊልቸር ላይ ነው የምሠራው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ሳንጎራጉር ሰምቶኝ «ማክሰኞ ማታ ና» አለኝና ሄድኩ። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች ያለ ምንም መሣሪያ በአራት ድምፅ ይዘፍናሉ፤ ባርበርሾፕ ኮረስ ይሉታል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፀጉሬ ቆመ። ሦስት ማክሰኞ ተመላለስኩ፤ አሁን አባል ሁን እያሉኝ ነው። ግን ኖታ አላነብም፣ እንግሊዝኛዬም አክሰንት አለው። ከእኔ ሌላ እዚያ ያለው ጥቁር አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ማኅበሩ ድሮ ጥቁር አያስገባም ነበር ሲሉ ሰማሁና ልቤ ሻከረ። ባለቤቴ ደግሞ «ሁለት ልጅ ጥለህ፣ በሳምንት ያለችህን አንዲት ማታ ለፈረንጅ ዘፈን? ሰንበት ትምህርት ቤት እንኳ ያልዘመርክ ሰው!» ትለኛለች። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ምን ይመክሩኛል? — የማክሰኞው ሰው»

ወንድሜ፣

ግባ። የቀረው ጥያቄ እንዴት ትገባለህ የሚለው ነው።

ይህን የምልህ ከዳር ቆሜ አይደለም። እኔም መሐል አሜሪካ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከአርባ በማይበልጡ ወንዶች መካከል፣ ዘጠኝ ዓመት በቤዝ፣ ማለት በታችኛው ወፍራም ድምፅ፣ ቆሜ ዘፍኛለሁ። ስገባ ኖታ አላነብም ነበር። ከእኔ በቀር ጥቁር አልነበረም። የአንተን ደብዳቤ ሳነብ ያን የመጀመሪያ ክረምት አስታወስኩ፤ መልሴም የረዘመው ለዚህ ነው።

የኖታውን ነገር በቶሎ እንጨርሰው። ብዙው አማተር የባርበርሾፕ ዘፋኝ ዘፈኑን የሚይዘው በጆሮው ነው። ለእያንዳንዱ ድምፅ የተቀዳ የማጥኛ ትራክ ይሰጡሃል፤ የአንተ ድምፅ በአንደኛው ጆሮ፣ ሌሎቹ ሦስቱ በሌላኛው ይሰማሉ። ኖታውን ወረቀት በእጅህ ይዘህ መስመሩ ሲወጣና ሲወርድ በዓይንህ ተከተለው፤ በዓመቱ ሳታውቀው ግማሹን እያነበብክ ታገኘዋለህ። ይህ አያስፈራህ።

ይልቅ ማንም የማይነግርህን ፈተና ልንገርህ። እኛ ያደግነው አውጪና ተቀባይ ባለበት ዘፈን ነው። አውጪው ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። ሠርግ ላይም ጥምቀት ላይም ተቀባዩ መቶ ሰው ቢሆን የሚይዘው አንድ ዜማ ነው። ማኅሌት የቆሙት መሪጌታዎችም አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ድምፅ ይኑራቸው እንጂ ዜማቸው አንድ ነው። ከጋሞ ደጋ የዶርዜ ሰዎች በብዙ ድምፅ እየተደራረቡ እንደሚዘፍኑ የታወቀ ነው፤ ዶርዜ ከሆንክ ይህን አንቀጽ እለፈው። ካልሆንክ ግን ጆሮህ የሠለጠነው ከጎረቤትህ ጋር አንድ ለመሆን ነው። ባርበርሾፕ ደግሞ ጎረቤትህ ሌላ ሲል አንተ የራስህን እንድትይዝ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹን ወራት በቤዝ ጀምረህ ሁለተኛው መስመር ላይ ዜማው ውስጥ ራስህን ታገኘዋለህ። እኔ የመጀመሪያ ኮንሰርታችን ላይ፣ ሰው ሞልቶ፣ ግማሹን ዘፈን ሙሉ በሙሉ ዜማውን ይዤ ዘፍኜዋለሁ። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ «ይህ ለእኔ አልተፈጠረም» ብዬ ነበር። ተሳስቼ ነበር። ጆሮዬ የተማረውን ነው የሠራው፤ ሌላ ትምህርት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል።

የጠቀመኝን ልንገርህ። አዲስ ዘፈን ሲሰጡህ መጀመሪያ ዝም ብለህ ስማ፤ ወደ ሥራ ስትነዳ፣ ስትመለስ፣ ዐሥር ጊዜም ይሁን። ቀጥሎ አፍህን ዘግተህ አንጎራጉረው። ቃሉን የምትጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ የአንተን ድምፅ ያለበትን ጆሮ አጥፋና ሦስቱ እየዘፈኑ አንተ የራስህን ብቻህን ያዝ። ብዙ ሰው ይህን የመጨረሻውን ሳያደርግ ነው ልምምድ የሚመጣው፤ መኪናው ውስጥ የቻለው መድረክ ላይ የሚጠፋበትም ለዚህ ነው።

የትኛው ድምፅ ውስጥ ትገባለህ? ዜማውን የሚይዘው ሊድ ነው፤ ከላይ ሲቆጠር ሁለተኛው። ቴነር ከሊዱ በላይ ቀለል አድርጎ፣ ብዙ ጊዜ በፋልሴቶ፣ ማለት ድምፁን አቅጥኖ፣ ይሄዳል። ቤዝ መሠረቱን ይጥላል። ባሪቶን ደግሞ ከኮርዱ፣ ማለት አብረው ከሚሰሙት አራት ኖታዎች፣ የጎደለችውን ኖታ እየፈለገ ይሞላል፤ አንዴ ከሊዱ በታች፣ አንዴ በላይ ይዘላል፣ ለብቻው ሲሰማም ዜማ አይመስልም። መጀመሪያ ዓመት ላይ ባሪቶን ሁን ካሉህ «ትንሽ ልቆይ» በላቸው። ሊድ ወይም ቤዝ ሆነህ ጀምር። እኔ ለአንተ ብመርጥ ቤዝ ነው፤ ከአንድ ልምድ ካለው ሰው አጠገብ ቆመህ።

አክሰንትህን በተመለከተ፣ እዚያ ቤት ሁሉም ሰው አክሰንቱን በር ላይ ትቶ ነው የሚገባው። የቴክሳሱም የኒውዮርኩም አናባቢውን አንድ ካላደረገ ኮርዱ አይገጥምም። «ናይት» የምትለዋን ቃል ረጅም ኖታ ላይ ስትይዛት «ና» ላይ ቆይተህ «ይ»ን መጨረሻ ላይ ብቻ ትነካታለህ፤ ይህን አሜሪካውያኑም እንደ አዲስ ይማሩታል። ለእኛ የሚከብደው ሌላ ነው፤ ሁለት ተነባቢ ሲደራረብ ከፊት ወይም በመሐል «እ» እንጨምራለን። «ስትሪት» ለማለት «እስትሪት» እንላለን። በንግግር ማንም ልብ አይልም፤ ሠላሳ ሰው በአንድ ትንፋሽ ሲጀምር ግን ያቺ «እ» ቀድማ ትሰማለች። እሷን ብቻ ጠብቅ።

ደግሞ አንድ የምትበልጥበት ነገር አለህ። ፒያኖ ላይ ያለችው፣ ባርበርሾፕ የሚወዳት ሰባተኛ ኖታ፣ ድምፆች በተፈጥሮ ከሚገጥሙባት ቦታ በአንድ ሴሚቶን፣ ማለት ጎን ለጎን ባሉ ሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ባለው ርቀት፣ ሲሶ ያህል ከፍ ያለች ናት። ባርበርሾፕ ዘፋኞች ፒያኖ የሌለበት ቤት ስላላቸው ያቺን ኖታ ዝቅ አድርገው ከተፈጥሮ ቦታዋ ላይ ያሳርፏታል። ያኔ አራቱ ድምፆች ይቆላለፉና ከላይ ማንም ያልዘፈነው አምስተኛ ድምፅ ይሰማል። ኦቨርቶን ነው። እነሱ «ኮርዱ ደወለ» ይሉታል። ፀጉርህን ያቆመው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከልጅነቱ የክራርና የመሲንቆ ቅኝት፣ በጆሮ የሚወጣ ቅኝት ሲሰማ ያደገ ሰው ጆሮው በፒያኖ አልታሰረም። ዳይሬክተሩ «ትንሽ ዝቅ፣ ገና ትንሽ» ሲል ያልገባቸው ብዙዎች ነበሩ፤ ለእኔ ግን ቶሎ ገባኝ።

እኔን የደወለልኝ በአራተኛው ወር ነው፤ መድረክ ላይ ሳይሆን መኪና ማቆሚያ ውስጥ። ከልምምድ ስንወጣ አንድ ጡረታ የወጣ ፖስታ አመላላሽ፣ አጠገቤ የሚቆም ቤዝ፣ ክንዴን ያዘኝና «ታግ እናስተምርህ» አለኝ። ታግ የዘፈን መጨረሻ ነው፤ ጥቂት መስመር ብቻ፣ በቃል የሚተላለፍ፣ ማንም ለማንም የሚያስተምረው። በዚያች ታግ ውስጥ አንዱ ሰው አንዲት ኖታ ይዞ ሳይነቃነቅ ይቆማል፣ ሦስቱ በዙሪያው ይንቀሳቀሳሉ። ያቺን ቋሚ ኖታ ፖስት ይሏታል። ፖስቷን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ብቻ አትነቃነቅ፣ እኛ እንመጣልሃለን» አለኝ። ሦስቱ ዞረው ዞረው መጨረሻዋ ኮርድ ላይ ሲገናኙኝ አጥንቴ ውስጥ ነው የሰማሁት። ብርዱ ከዜሮ በታች ነበር፤ ስድስት ጊዜ ደገምናት። አንተም ታግ እንዲያስተምሩህ ጠይቅ። ጠይቀሃቸው እምቢ የሚል ባርበርሾፐር አላጋጠመኝም። ስታጠና ደግሞ መጀመሪያ ፖስቷን ውሰድ፤ ሌላው ሲሄድ መቆምን የሚያስተምር ከዚያ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

አሁን ልብህን ወዳሻከረው ነገር ልምጣ። የሰማኸው እውነት ነው፤ ሙሉውን ብታውቀው ይሻላል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ማኅበሩ፣ ማለት የአሜሪካ ባርበርሾፕ ዘፋኞች ማኅበር፣ የተመሠረተው በ1938 ነው። ኦወን ካሽ የተባለ የታክስ ጠበቃና ሩፐርት ሆል የተባለ የገንዘብ ሰው፣ ሁለቱም ከተልሳ፣ ኦክላሆማ፣ ካንሳስ ሲቲ ሆቴል ውስጥ ዝናብና ማዕበል አስቀርቷቸው ይገናኛሉ፤ ዘፈን ያነሣሉ። አገራቸው ሲመለሱ ሰው ይጠራሉ፤ ኤፕሪል 11 ቀን በአንድ ክለብ ጣሪያ ላይ 26 ወንዶች ተሰበሰቡ። ያ ነው ጅማሬው። ተልሳ ደግሞ ከዚያ 17 ዓመት በፊት፣ በ1921፣ ግሪንውድ የተባለው የጥቁሮች ሰፈር በነጮች መንጋ የተቃጠለባት ከተማ ናት። ይህን የምጨምረው ያ ስብሰባ የት መሬት ላይ እንደቆመ እንድታውቅ ነው።

ዘፈኑ ራሱ ግን የማን ነው? ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች በፀጉር ቤት፣ በመንገድ ጥግ፣ በበረንዳ ላይ በአራት ድምፅ ሲዘፍኑ ኖረዋል። ሉዊስ አርምስትሮንግ ልጅ ሆኖ በኒው ኦርሊንስ መንገዶች በኳርቴት፣ ማለት በአራት ሰው ቡድን፣ ይዘፍን እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ሊን አቦት የተባለ ተመራማሪ በ1992 ማስረጃውን ሰብስቦ ካሳተመ ወዲህ ሥሩ የት እንደሆነ የሚያከራክር ብዙ የለም። እና ከጥቁሮች የተማሩትን ዘፈን «እንጠብቀው» ብለው የተሰበሰቡ ሰዎች ጥቁሩን ከበር መለሱት።

ይህን አንተ ኤርፖርት ሻንጣ የምትገፋው ሰው በተለይ ስማው። በ1941 ኒውዮርክ ውስጥ የግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ቀይ ቆብ ለባሾች፣ ማለት የመንገደኛ ሻንጣ ተሸካሚዎች፣ ኳርቴት ነበራቸው። ጥቁሮች ናቸው። የከተማውን ውድድር አሸነፉ። ለብሔራዊው ውድድር ወደ ሴንት ሉዊስ መሄድ ሲገባቸው በቆዳቸው ምክንያት ተከለከሉ። የቀድሞው የኒውዮርክ ገዥ አል ስሚዝና የመናፈሻዎች ኃላፊው ሮበርት ሞዝስ ተቃውመው ከማኅበሩ ለቀቁ። ማኅበሩ ግን በሩን ለጥቁር የከፈተው በ1963 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት።

ያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ፖስቷን የሰጠኝ ሽማግሌ የገባው በ1959 ነበር። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ጠየቅኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ያኔ በሩ ዝግ መሆኑን አውቅ ነበር፤ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ይህ የእኔ ነው» አለኝ። ሰበብ አልደረደረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገቡ ስቆም ቀለለኝ። አንተም ጠይቅ። ሽማግሌውን ጓደኛህን፣ ያንን ሌላውን ጥቁር አባል በተለይ፣ ዳይሬክተሩንም። የምትሰማው መልስ ስለ ታሪኩ ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ቤት ዛሬ ይነግርሃል። «እንዲህ ያለውን ነገር ለምን ታነሣለህ?» ካሉህ ሌላ ኮረስ ፈልግ። ተቀምጠው ካወሩህ ቁም።

ዘፈኖቹንም ተመልከት። ከድሮው ስብስብ ውስጥ የደቡቡን የባርነት ዘመን እንደ ደጉ ጊዜ የሚናፍቁ አሉ። ለእኔ ቡድን አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ዘፈን መጣ። ሰው ፊት አልተናገርኩም፤ ለዳይሬክተሩ ለብቻው «ይህን አፌ አይልም» አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱ ከፎልደራችን ወጥቶ ነበር። አንተም መብትህ ነው። እንግዳ ነኝ ብለህ አትዋጥ፤ በዚህ ዘፈን ውስጥ እንግዳው አንተ አይደለህም።

ወደ ባለቤትህ። እሷ ትክክል ናት። ዘፈኑን ስለምትንቅ ሳይሆን ሰዓቱን ስለቆጠረች። አንተ «ማክሰኞ ማታ» ስትል ሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚመስልህ። መንገዱን ጨምር፣ ቤት የምታጠናውን ጨምር። ከልምምድ በኋላ ደግሞ ወንዶቹ አንድ ቦታ ገብተው እየበሉ ታግ ይዘፍናሉ፤ እኩለ ሌሊት የሚያደርስህ ያ ነው፣ በብዙ ቤት ጠብ የሚነሣውም ከዚያ ነው። በወር ስንቴ ከልምምድ በኋላ አብረሃቸው እንደምትቆይ ከአሁኑ ከእሷ ጋር ወስን፤ የተናገርከውን ጠብቅ። የፀደይና የመኸር ውድድር ሲቃረብ ቅዳሜም ይጨመራል። የካቲት ላይ፣ ፌብሩዋሪ 14 ቀን፣ ኳርቴቶች አበባ ይዘው ቤት ለቤትና ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ ለሰው ሚስት ይዘፍናሉ፤ የቡድኑ ገቢ አንዱ እሱ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከተመዘገብክ የቀኑን ተራ ብቻ ውሰድ፣ ማታውን ቤትህ ሁን።

ገንዘቡንም አስቀድመህ ጠይቅ፦ የቡድኑ መዋጮ፣ የማኅበሩ መዋጮ፣ የመድረክ ልብስ፣ ለውድድር የጉዞና የሆቴል። በዓመት ድምሩ ስንት ነው በል። በወር ከፋፍሎ መክፈል እንዲቻል ጠይቅ፤ የማይጠየቅ ነገር አይደለም። ድምሩን ወረቀት ላይ ጽፈህ ለባለቤትህ ስጣት። እሷም ለራሷ ብቻ የሆነች አንዲት ማታ ይኑራት፤ ያን ማታ ልጆቹን የምትይዘው አንተ ነህ። ከሰጠሃት በኋላ ደግሞ አንድ ቀን ልምምድ ይዘሃት ሂድ። ድምፅ ካላት ይህ ነገር ለወንድ ብቻ አይደለም፤ የሴቶቹ ማኅበር ከ1945 ጀምሮ አለ፣ የወንዶቹም ማኅበር ከ2018 ጀምሮ ሴት አባል ይቀበላል፣ ምንም እንኳ ያንተው ቡድን የወንድ ሆኖ ቢቀጥል።

ሰንበት ትምህርት ቤቱን ያነሣችው ለነቀፋ ቢሆንም አንድ ቁም ነገር አለበት። የታኅሣሥ ኮንሰርታቸው ጾመ ነቢያት ላይ ይውላል፣ የፀደዩ ውድድር ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ላይ። ጿሚ ከሆንክ ከመመዝገብህ በፊት ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር፤ ለቡድኑም ቀድመህ ንገራቸው። የእኔ ዳይሬክተር ጾሜን በቀን መቁጠሪያው ላይ ጽፎት ነበር፤ ከልምምድ በኋላ ለምበላው ነገር ሳይቀር ይጨነቁልኝ ነበር።

ጓደኞችህን አንድ ኮንሰርት ጥራቸው። ከዚያ በላይ አትከራከር።

ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት ደግሞ ይህን ልበልህ። አንደኛው ዓመት ሁሉም አዲስ ስለሆነ ይሮጣል። ከባዱ ሁለተኛው ነው። ዘፈኖቹን ታውቃቸዋለህ፣ ዳይሬክተሩ ግን ከአንዲት ኮርድ ላይ ሃያ ደቂቃ አይነሣም፤ ከሥራ ደክመህ መጥተህ «ለምንድን ነው እዚህ ያለሁት?» ትላለህ። ብዙ ሰው የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ኮረሱ ውስጥ የለም፤ ሦስት ሰው ፈልገህ ኳርቴት አቋቁም። ለውድድር አይደለም። በአንድ ድምፅ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን የምትደበቅበት ስለሌለ በሦስት ወር የምትማረው ኮረስ ውስጥ በሁለት ዓመት ከምትማረው ይበልጣል። ተመልሰህ ኮረሱ ውስጥ ስትቆም ያቺ ሃያ ደቂቃ ምን እንደሆነች ይገባሃል። ስትጠነክር ደግሞ እዚያው ከተማህ ያሉትን አሌክሳንድሪያ ሃርሞናይዘርስን አንድ ማታ ሄደህ ስማ፤ ከ1948 ጀምሮ አሉ፣ ዓለም አቀፉን ውድድርም አራት ጊዜ አሸንፈዋል። አሁን ግን ሠላሳ ሰው ያለበት ቤት ይሻልሃል። እዚያ ስትቀር ያውቃሉ።

ያ ፖስታ አመላላሽ በሰባተኛው ዓመቴ ታመመ። አሥራ አንዳችን ሆስፒታል ሄድን፤ ነርሷ በሩን ዘጋችልንና ያችኑ ታግ ዘፈንንለት። ፖስቷን እኔ ያዝኩ። እሱ ከትራሱ ላይ፣ ድምፁ ሊወጣ እየተቸገረ፣ የራሱን ቤዝ ፈለገና ገባበት። ቀብሩ ላይ ደግመን ዘፈንናት። እኛ አገር ለቅሶ ደራሽ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያን ቀን እዚያ ቢኖር ወገኖቹ መሆናችንን ለማወቅ አይቸገርም ነበር።

እንግዲህ በመጪው ማክሰኞ ሄደህ አጠገቡ የምትቆምለትን ሰው ምረጥ፤ ጥሩ ጆሮ ያለው፣ ጮክ ብሎ የማይዘፍን። ከዚያም የትኛው ድምፅ ውስጥ እንዳስገቡህ ጻፍልኝ። ባሪቶን ካደረጉህ ቶሎ ጻፍ።